ሜታኮግኒሽን ምንድን ነው? የማስታወስ ችሎታ አይደለም!

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «የቄስ ትምህርት ቤት ሽምደዳ የልጆቻችንን ሜታኮግኒሽን ገደለው፤ ለዚህ ነው ያጠኑትን የማያስታውሱት» ሲሉ ሰማሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን በወላጆች ስብሰባ ላይም ቃሉ እንዲሁ ያለቦታው ሲጠራ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁንስ በዛ።

ማስታወስ ምን እንደሆነ ማንም አያጣውም። ሜታኮግኒሽን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጁ የቱን እንደያዘ፣ የቱን እንዳልያዘ ራሱ መለየቱ፣ ለይቶም አንድ ነገር ማድረጉ ነው።

መንዝ ውስጥ በግ የሚጠብቅ ልጅ አስቡ። ያጠናው ነገር በጎቹ ናቸው። ማታ በረት ሲያስገባ መቁጠሩ ክትትል ይባላል። አንዷ ስትጎድል ወጥቶ መፈለጉ ደግሞ ቁጥጥር። ሃምሳ በግ ይዞ የማይቆጥር እረኛ አለ፤ አምስት ይዞ አንዷ ስትቀር የሚያውቅም አለ። አስተያየት ሰጪው የመንጋውን ብዛትና ቆጠራውን አንድ አድርገውታል።

ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው ደግሞ የታየው ዛሬ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ፍላቬልና ባልደረቦቹ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለልጆች ሥዕሎች ሰጡ። «ሁሉንም ሳትሳሳቱ መናገር እንደምትችሉ እርግጠኛ እስክትሆኑ አጥኑ» አሏቸው። ትንንሾቹ ቶሎ «ጨረስኩ» አሉ፤ ሲጠየቁ ጎደለባቸው። ትልልቆቹ ግን «ጨረስኩ» ካሉ በአብዛኛው እውነትም ጨርሰው ነበር። ልብ በሉ፤ የሥዕሎቹ ብዛት የተወሰነው በእያንዳንዱ ልጅ የማስታወስ አቅም ልክ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን የጣላቸው የማስታወስ ድክመት ነው ማለት አይቻልም። ቆጠራው ነው የጎደላቸው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ማታ «አጥንቻለሁ» ብሎ ጠዋት አፉ የሚያያዝ የአንደኛ ክፍል ልጅ ብዙ ጊዜ «ውሸታም» ይባላል፣ ጆሮውም ይቆነጠጣል። አልዋሸም እኮ! ማታ እውነትም ያወቀው መስሎታል።

ቆጠራው ከመጣ በኋላም ፍለጋው ይዘገያል። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ልጆች ቀላልና ከባድ የቃላት ጥንዶችን አጠኑ። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ከባዱን ይለያሉ። ጊዜያቸውን ግን ለሁለቱም እኩል ነው የሰጡት። ለከባዱ ረዘም ያለ ጊዜ የሰጡት የአምስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። በግ እንደጎደለች አውቆ እሳት ዳር እንደመቀመጥ በሉት።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። በግ በዓይን ይታያል፤ ያልተያዘ ትምህርት አይታይም። አንዲት ጠቦት የማታመልጠው የሰባት ዓመት እረኛ የማባዣ ሠንጠረዡን አለማወቁን ላያውቅ ይችላል። ደግሞም አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በምዕራባውያን ተማሪዎች፣ በሥዕልና በቃል ዝርዝር ነው። ልጁ በሚያውቀው ሥራ ላይ ቢለካ ውጤቱ ሊለይ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ጨርሶ ራሳቸውን አይከታተሉም ማለትም አይደለም፤ መናገር በቅጡ ያልጀመሩ ሕፃናት እንኳ ሲጠራጠሩ በዓይናቸው እርዳታ ሲጠይቁ ታይተዋል። ትንሽ በራስ መተማመን መብዛቱ ልጁ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይጠቅማል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ወደ ቄስ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ሽምደዳን እኔም አላወድስም። ግን ውዳሴ ማርያምን በቃሉ የሚማር ልጅ የኔታ ፊት ሳያይ ይለዋል። ከሳተ ተመልሶ ያጠናል። በጎቹን መጀመሪያ የሚቆጥሩለት የኔታ ናቸው ማለት ነው። ሜታኮግኒሽንን የሚገድል ነገር እዚህ ውስጥ አይታየኝም። ይልቅ «ገብቷችኋል?» ተብሎ «አዎ!» የሚል የጋራ ጩኸት የሚቀበል ክፍል ያሳስበኛል።

ቤት ውስጥስ? ልጁ ደብተሩን እንደዘጋ ወዲያው አትጠይቁት። ያነበበው ገና ጆሮው ላይ ስለሆነ እሱንም እናንተንም ያታልላል። እራት ይበላ። ከዚያ ከአሥር ጥያቄ ስንቱን እንደሚመልስ ይገምት፤ ቀጥሎ ጠይቁት። የስድስት ዓመት ልጅ ከሆነ ደጋግሞ «አሥሩንም!» ይላችኋል። በግምቱ አትሳቁበት፤ ከሳተ በኋላ ደብተሩን ሲከፍት የትኛው ገጽ ላይ እንደሚሄድ ተመልከቱ።