«ዩኒፎርም ሳትለብስ እንዳትመጣ» ያለው ማነው?

የስካውት (ልጆች ካምፕ እየወጡ ሙያና ሥነ ምግባር የሚማሩበት ማኅበር) መሪ ከሆንኩ ወዲህ ስለ ዩኒፎርም የምሰማው ያው አንድ ዓይነት ነው። ዛሬ ግን ልናገረው ነው።

«ልጆቹን ወታደር ልታደርጓቸው ነው?» አይደለም። የስካውት መሥራቹ እንግሊዛዊው ባደን ፓወል ጄኔራል ነበር፣ እሱን አልክድም። የካኪ ሸሚዙና የባርኔጣው ሐሳብም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ካቋቋመው የፖሊስ ኃይል የመጣ ነው። ግን ጫካ ለጫካ ለሚንከባለል ልጅ ቆሻሻ የሚችል ልብስ አምጡ ብትባሉ ምን ታመጡ ነበር?

«ስካርፉ ለጌጥ ነው።» ፍቱትና እዩት። ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ የተጎዳ ክንድ ያንጠለጥላል፣ ቁስል ያስራል። ስለዚህ ለፎቶ የምታምር ትንሿን አትግዙ።

«ባጅ (ሙያ ሲማሩ የሚሰጥ፣ ሸሚዝ ላይ የሚሰፋ ምልክት) የበዛለት ጎበዝ ነው።» ልጁ ራሱ ከሰፋው እሺ። እናቱ ከሰፋችለት ግማሹ ባጅ የእሷ ነው።

የሚያንጨረጭረኝ ግን ይሄ ነው፦ «ሙሉ ዩኒፎርም የሌለው ልጅ አይገባም።» ይህን የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው መሪዎች ናቸው! እስቲ ወደ መጀመሪያው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ካምፕ 20 ገደማ ልጆች ነበሩ። ገሚሶቹ የባለጠጋ፣ ገሚሶቹ የሠራተኛ ልጆች። የቡድን መለያቸው ትከሻቸው ላይ የታሰረች ባለ ቀለም ክር ነበረች፤ «ተኩላ» የተባለው ቡድን ሰማያዊ፣ «ቁራ» የተባለው ቀይ። ሙሉ ዩኒፎርም ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሲመጣም አንዱ ዓላማው የማን ልጅ ሀብታም፣ የማን ልጅ ድሃ እንደሆነ እንዳይለይ ነበር። ሸሚዝ የለህም ብለን ልጅ በር ላይ ስናቆም ታዲያ ምን እያደረግን ነው? ሊደበቅ የታሰበውን በአደባባይ እያሳየን!

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ «በሚቀጥለው ሳምንት ሁላችሁም ሙሉ ለብሳችሁ ኑ» አልኩ። አንድ ንቁ ልጅ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሲሆነው እናቱን አገኘኋት። «ሱሪው እስኪገዛልኝ አልሄድም ብሎኝ ነው» አለችኝ። በጣም አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያጠረባቸውን ልብስ የሚመልሱበት ካርቶን አለን። እናንተም አዘጋጁ። አዲስ ልጅ ስካርፍ ብቻ ይዞ ይጀምር፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ልጁም ተመልሶ መጣ። ከካርቶኑ ያገኘው ሸሚዝ እጅጌው ረዝሞበት ሁለቴ ተጠቅልሏል፤ ደረቱ ላይ የቀድሞው ባለቤት ባጅ የተፈታበት ቦታ እስካሁን ይታያል።