ፓካ ምንድን ነው? ሦስት ስም ያለው የደቡብ ፈረንሳይ ክልል

ማርሴይ፣ ኒስ፣ ካን፣ አቪኞን። በኳስ ወይም በፊልም ዜና ስማቸውን ያልሰማ የለም። አራቱም የሚገኙት በአንድ ክልል ውስጥ ነው፤ ስሙም ፕሮቫንስ-አልፕ-ኮት ዳዙር ይባላል፦ ፕሮቫንስ የጥንቱ ግዛት፣ አልፕ ተራራው፣ ኮት ዳዙር የባሕር ዳርቻው ነው። ስለሚረዝም ሰው አሳጥሮ ፓካ ይለዋል። ቦታው ደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ነው። በምሥራቅ ጣሊያን፣ በደቡብ ሜዲትራንያን ባሕር፣ በምዕራብ በአብዛኛው የሮን ወንዝ ያዋስኑታል። ትንሿ ሞናኮም በየብስ በኩል ሙሉ በሙሉ በዚሁ ክልል የተከበበች ናት። ስፋቱ 31,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሕዝቡ ከ5 ሚሊዮን ይበልጣል።

ስለ ላቬንደር አበባውና ስለ ባሕር ዳርቻው ብዙ ተጽፏል፣ እሱን ልተወው። እኔን የሚስበኝ ይህ ክልል ከዚህ በፊት በዚህ ቅርጹ አንድ ግዛት ሆኖ የማያውቅ መሆኑ ነው። ከተለያዩ ገዢዎች እጅ በተለያየ ዘመን የመጡ መሬቶች ናቸው ፓሪስ ላይ አንድ ላይ የተደረጉት። ይህን ካላወቅን ማርሴይና ኒስ ለምን እንደማይዋደዱም፣ ፖለቲካው ለምን እንዲህ እንደሆነም አይገባንም።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። ክልሉ በስድስት ዲፓርትመንቶች የተከፈለ ነው፤ በእኛ አነጋገር ዞን በሏቸው። ሕዝቡ የሰፈረው በአብዛኛው ከማርሴይ እስከ ኒስ ባለው ጠባብ የባሕር ዳርቻ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ግን ሌላ ዓለም ይመጣል፦ ባር ዴ ዜክራን የሚባለው ተራራ 4,102 ሜትር ይደርሳል፣ ብሪያንሶን የምትባለው ከተማም ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሮን ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ካማርግ አለ፤ ሩዝ የሚዘራበት፣ ጨው የሚመረትበት፣ ፍላሚንጎ የሚርመሰመስበት ረግረግ ነው። ተራራውንና ባሕሩን የሚያገናኛቸው ውኃ ነው። ማርሴይ በ1830ዎቹ ኮሌራ ካጠቃት በኋላ ከዱራንስ ወንዝ ቦይ አስቆፍራ በ1849 ውኃው ከተማዋ ደረሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በዚሁ ወንዝ ላይ ሴር ፖንሶን የሚባል ትልቅ ግድብ ተሠራ። ለኤሌክትሪክና ለመስኖ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ግን ሳቪን የሚባለው የተራራ መንደር ውኃ ውስጥ ገባ፣ ነዋሪዎቹም ሌላ ቦታ ላይ አዲስ መንደር ተሠራላቸው። የዳርቻው ሰው ቧንቧ ሲከፍት ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ማርሴይን የቆረቆሯት በዛሬዋ ቱርክ ከነበረችው ከፎቂያ ከተማ የመጡ ግሪኮች ናቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ። በፈረንሳይ ካሉት ከተሞች ቀዳሚዋ ተደርጋ የምትቆጠረውም ለዚህ ነው። ቀጥሎ ሮማውያን መጡና አካባቢውን ግዛታቸው አደረጉት፤ ፕሮቫንስ የሚለው ስምም "ፕሮቪንኪያ" ከሚለው ቃላቸው የቀረ ነው። አርል ከተማ ያለው የሮማ ስታዲየምና ኦራንዥ ያለው ቲያትር ዛሬም ትርኢት ይታይባቸዋል።

በመካከለኛው ዘመን ፕሮቫንስ የራሱ መሳፍንት ነበሩት። የመጨረሻው በ1481 ልጅ ሳይተካ ሲሞት ግዛቱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 11ኛ አወረሰ። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም፣ ምክንያቱም የዛሬው ክልል ከያኔው ፕሮቫንስ በጣም ይሰፋል።

አቪኞንን ውሰዱ። የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከ1309 እስከ 1377 መንበራቸው ሮም ሳይሆን አቪኞን ነበር። በ1348 ፖፕ ክሌመንት 6ኛ ከተማዋን ከፕሮቫንስ ገዢዋ ከንግሥት ጆቫና በ80,000 ፍሎሪን ገዙት። አዎ፣ ከተማ በገንዘብ ተገዛ። ፖፖቹ ወደ ሮም ከተመለሱ በኋላም ከተማዋ የእነሱ ንብረት ሆና ቆየች፤ ፈረንሳይ የጠቀለለቻት ከአብዮቱ በኋላ በ1791 ነው። ከአቪኞን ትንሽ ወደ ሰሜን ያለችው ኦራንዥ ደግሞ የኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ስሙን የያዘባት ከተማ ናት። እሷ ወደ ፈረንሳይ የገባችው በ1713 በዩትሬክት ስምምነት ነው።

የኒስ ነገር ከሁሉም ይለያል። ኒስ በ1388 ከፕሮቫንስ ተለይታ ለሳቮይ መሳፍንት ገባች፤ እነዚህ በኋላ የጣሊያን ነገሥታት የሆኑት ናቸው። ከዚያ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ለጥቂት ጊዜ ከመወሰዷ በቀር ለአምስት መቶ ዓመት ያህል የሳቮይ ነበረች። ፈረንሳይ ጣሊያንን አንድ ለማድረግ ለተደረገው ጦርነት ስለረዳች በ1860 ኒስ እንደ ዋጋ ተሰጠቻት። ለሕዝቡ ድምፅ ተሰጠ ተባለ፤ ከ25 ሺህ በላይ ሰው አዎ ሲል እምቢ ያለው 160 ብቻ ሆኖ ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ እኔ በበኩሌ አላምንም። ጣሊያንን አንድ ያደረገው ጋሪባልዲ ራሱ የኒስ ተወላጅ ነበር፣ የትውልድ ከተማው በስጦታ መሄዷ እስከ መጨረሻው አንገብግቦታል። በዓመቱ የሞናኮ መስፍን ማንቶንንና ሮክብሩንን በ4 ሚሊዮን ፍራንክ ለፈረንሳይ ሸጠ። በ1860 "የሳቮይ ንጉሥ የሚያድንበት ጫካ ነው" ተብለው የተተዉት ቴንድና ላ ብሪግ የሚባሉት ተራራማ ስፍራዎች ደግሞ የገቡት በ1947 ነው። በሕይወት ካሉ ሽማግሌዎች ውስጥ እዚያው መንደራቸው በጣሊያን ዜግነት የተወለዱ አሉ ማለት ነው።

ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝ ነገርም አለ። ሐረር ውስጥ ነጋዴ ሆኖ የኖረው፣ ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1891 እግሩን ታሞ በመርከብ ማርሴይ ገባ። እዚያ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በ37 ዓመቱ እዚያው አረፈ። ማርሴይ ያን ጊዜ ከስዊዝ ቦይ ወዲያ ላለው ባሕር ሁሉ የፈረንሳይ በር ነበረች።

እንግዲህ ክልሉ እንደ ክልል የተወለደው በቅርቡ ነው። በ1956 የፓሪስ ባለሥልጣናት ለኢኮኖሚ ዕቅድ ብለው አገሪቱን ሲከፋፍሉ ፕሮቫንስ፣ ኮት ዳዙርና ኮርሲካ ደሴት አንድ ላይ ተደረጉ። ኮርሲካ በ1970 ወጣች፣ የዛሬው ስምም በ1970ዎቹ መጣ። በ1982 ሥልጣንን ከፓሪስ ወደ ታች የሚያወርድ ሕግ ወጣ። ሕጉን ያዘጋጀው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጋስቶን ዴፌር ነበር፤ ሰውዬው በዚያው ጊዜ የማርሴይ ከንቲባም ነበር! ሕዝቡ የክልል ምክር ቤቱን በቀጥታ የመረጠው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1986 ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያን ክልሎች አታስቡ። ፓካ የራሱ ሕገ መንግሥት፣ ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤት የለውም፤ ሕግ ማውጣትም አይችልም። ከፓሪስ የሚሾም ፕሬፌ የሚባል የመንግሥት ተወካይ ከጎኑ አለ። ክልሉ የሚሠራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሕንፃ፣ የሙያ ሥልጠናን፣ የኢኮኖሚ ድጋፍንና የክልል ባቡርን ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ባቡሩ የሰው የዕለት ኑሮ ነው። ፓካ የማርሴይ-ኒስን መስመር ለውድድር ከፍቶ ከመንግሥቱ ባቡር ድርጅት አውጥቶ ለትራንስዴቭ ኩባንያ ሰጠው፣ አገልግሎቱም በ2025 ጀመረ። በፈረንሳይ ክልሎች ዘንድ ይህን በማድረግ ቀዳሚው ነው።

ፖለቲካው ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1962 አልጄሪያ ነጻ ስትወጣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ እጅግ ብዙ ፈረንሳውያን በማርሴይ ወደብ በኩል ገቡና ብዙዎቹ በዚሁ ዳርቻ ቀሩ። ከሰሜን አፍሪካና ከኮሞሮስ የመጡ ስደተኞችም ማርሴይን ቤታቸው አደረጉ። ፓካ የቀኝ አክራሪው ፓርቲ ጠንካራ ምሽግ የሆነው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የቅኝ ግዛቱ ቁስል፣ የጡረተኛው ብዛት፣ የቤት ዋጋ ሁሉም አለበት። በ1995 ይኸው ፓርቲ፣ ያኔ ናሽናል ፍሮንት የሚባለው፣ ቱሎንን፣ ኦራንዥንና ማሪኛንን አሸነፈ። ከዚያም በ2015 የክልል ምርጫ የፓርቲው ዕጩ ማሪዮን ማሬሻል-ሌፔን በመጀመሪያው ዙር ከ40 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝታ አንደኛ ወጣች።

ምርጫው ሁለት ዙር አለው፤ 10 በመቶ ያገኘ የዕጩዎች ዝርዝር ሁሉ ሁለተኛውን ዙር መወዳደር ይችላል። አሸናፊው ከመቀመጫው ሩብ ጉርሻ ይወስዳል፣ ቀሪው እንደ ድምፁ ይከፋፈላል። በ2015 ሦስተኛ የወጡት ሶሻሊስቶች 16 በመቶ ተኩል ይዘው ራሳቸውን አገለሉ፤ ድምፁ ተሰብስቦ አክራሪ ላልሆነው ቀኝ ዕጩ ለክርስቲያን ኤስትሮዚ እንዲሄድና ሌፔን እንዳታሸንፍ። ተሳካላቸውም፤ ኤስትሮዚ ወደ 55 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ዋጋው ግን ግራው ለስድስት ዓመት ምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ወንበር ማጣቱ ነው። በ2021ም ያው ተደገመ፦ ከግራው ወገን የአረንጓዴዎቹ ዕጩ በመጀመሪያው ዙር ማታ እቀጥላለሁ ብሎ በማግስቱ ፓርቲው ተጫነውና ወጣ። አክራሪ ያልሆነው ቀኝ ዕጩ ሬኖ ሙዘሊዬ 57 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ከ123ቱ ወንበሮች 84 ለእሱ ወገን፣ 39 ለቀኝ አክራሪው ሆነ፤ በቃ፣ ሌላ ማንም የለም።

አክራሪውን ማስቆሙ ትክክል ነበር እላለሁ። ነገር ግን ማርሴይን የሚያህል፣ በ2020 ግራ ከንቲባ የመረጠ ከተማ ያለበት ክልል ምክር ቤቱ ውስጥ አንድ ግራ ተመራጭ የሌለው መሆኑ ያሳዝናል። ስለ ባቡር ዋጋና ስለ ትምህርት ቤት ሕንፃ ሲወሰን የመቶ ሺዎች ድምፅ እዚያ የለም። ቀጣዩ የክልል ምርጫ በ2028 ነው፤ ግራዎቹ ሦስተኛ ከወጡ ደግመው ያገሉ እንደሆነ ከአሁኑ መነጋገር አለባቸው።