ቤኔፊስ ምንድን ነው?

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንድ የካቶሊክ ካህን «እንጀራ አገኘሁ» ካለ፣ ቤኔፊስ አገኘ ማለት ነው። ቃሉ ላቲን ነው፤ ትርጉሙ በጎ ስጦታ፣ ውለታ። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ግን ሹመት ከነገቢው ነው። በየወሩ ደመወዝ የሚቆርጥ የለም። አጥቢያው የራሱ እርሻ አለው፣ ገበሬውም አሥራት ያስገባል፤ ያ ሁሉ ለተሿሚው ነው። የሰሞን መሬትን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ጉዱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ገቢውን የሚበላውና ቅዳሴውን የሚቀድሰው የግድ አንድ ሰው አይደሉም። ተሿሚው ሌላ ከተማ ተቀምጦ፣ በትንሽ ገንዘብ ቪካር የሚባል ምትክ ቄስ ያስቀምጣል። ሰው ካለው ደግሞ ሁለት ሦስት ይደርባል።

ቶማስ ቤኬትን እንይ። የለንደን ነጋዴ ልጅ ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቲዮባልድ ቤት ገብቶ አገለገለ፤ ጌታው ወደደውና ሕግ እንዲማር ቦሎኛ ላከው። እ.ኤ.አ. በ1154 የካንተርበሪ ሊቀ ዲያቆናት ሆነ። ከዚህ ሹመት ብቻ በዓመት 100 ፓውንድ ያገኝ ነበር ይባላል። የቤቨርሊ አለቅነትም ነበረው፤ ከሊንከንና ከለንደኑ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም ድርሻ ነበረው። ታዲያ የት ይውላል? ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘንድ! ቻንስለር ነበር፤ እንደ እኛው ጸሐፌ ትእዛዝ በሉት። በ1159 ቱሉዝ ላይ ሲዘመት ጦር አስከትሎ ወርዷል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ገና ዲያቆን ነው። ቅስና የተቀበለው ጁን 2 ቀን 1162 ነው፤ በማግስቱ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ቻንስለርነቱን ተወ፣ ሊቀ ዲያቆናትነቱን ግን ቶሎ አልለቀቀም። ንጉሡንም አናደደው።

ሌብነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ንጉሡ ጸሐፊዎቹን የሚያኖርበት ሌላ ብዙ መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ሹመት ይክሳቸዋል። የ1215ቱ የላተራን ጉባኤ (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ጉባኤ ነው) የምእመናን እረኝነት ያለባቸውን ሁለት ቤኔፊሶች ደርቦ መያዝን ከለከለ። ሰውየው ትልቅ ሰው ወይም የተማረ ከሆነ ግን ሮም ልትፈቅድለት ትችላለች! በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት አይደል?

በ1298 ደግሞ የሮሙ ጳጳስ ቦኒፋስ 8ኛ አንድ የአጥቢያ ተሿሚ በኤጲስ ቆጶሱ ፈቃድ እስከ 7 ዓመት ትምህርት ቤት እንዲቆይ ፈቀዱ። ገቢው አይቋረጥበትም። የዛሬው ስኮላርሺፕ በሉት፤ ከፋዩ ግን በየዓመቱ አሥራቱን የሚያስገባው ገበሬ ነው።