የባሩድ ሪቮልቨር ሲሊንደር ጉድጓዶችን ማስፋት

በጥቁር ባሩድ የሚሠራው የድሮ ሪቮልቨር (ተሽከርካሪ ሲሊንደር ያለው ሽጉጥ) ቀለህ የለውም። ተኳሹ በሲሊንደሩ ፊት ባሉት ጉድጓዶች ባሩድ ይሞላል፣ በላዩ ክብ የእርሳስ አረር ያስቀምጣል፣ ከዚያም በቱቦው (አረሩ በሚወጣበት አፈሙዝ) ሥር ያለውን የማጉረሻ ዘንግ ስቦ አረሩን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ከኋላ በኩል ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋለታል፤ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መዶሻው ቆቡን ሲመታ ነው። አረሩ ሆን ተብሎ ከጉድጓዱ በጥቂቱ ወፈር ያለ ነው። ሲገባ የጉድጓዱ ከንፈር ዙሪያውን ይላጨውና ቀለበት የመሰለች፣ የምታብረቀርቅ የእርሳስ ክር ሲሊንደሩ አፍ ላይ ትቀራለች። ጀማሪ ተኳሽ ይህችን ቀለበት ሲያይ «በደንብ ጎርሷል» ብሎ ደስ ይለዋል። ቀለበቷ ግን የምትመሰክረው አረሩ ጉድጓዱን መሙላቱን ብቻ ነው፤ ቱቦውን ስለ መሙላቱ ምንም አትናገርም።

የማስፋት ሥራው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። አረሩ የመጨረሻ ውፍረቱን የሚያገኘው ከጉድጓዱ ነው። 11.53 ሚሊሜትር የሆነ አረር 11.33 ሚሊሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ቢጠቀጠቅ፣ ሲወጣ 11.33 ሆኖ ነው። የቱቦው ጥምዝ ቦዮች (አረሩን ለማሽከርከር በውስጡ የተቆረጡት ጠመዝማዛ መስመሮች) ከሥር እስከ ሥር ሲለኩ 11.46 ከሆኑ አረሩ ቦዮቹን አይሞላም። ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ ጥምዙም አጥብቆ ስለማይዘው አረሩ በወጉ ሳይሽከረከር ይወጣል። ልዩነቱ ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብዙም አይበልጥም፤ ዒላማው ላይ ግን በግልጽ ይታያል። ጉድጓዱ ከቦዮቹ ጋር እኩል ወይም በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ሰፋ ያለ ሲሆን ግን አረሩ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ተጨምቆ ጥምዙን ይነክሳል።

ችግሩ በብዛት የሚነሳው በዘመናችን በሚሠሩት ቅጂዎች ላይ ነው። ሳሙኤል ኮልት የአሜሪካ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ሲሆን፣ የኮልት የ1851 ኔቪና የ1860 አርሚ ሞዴሎች እንዲሁም የተፎካካሪው የሬሚንግተን ሪቮልቨሮች በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን እጅግ ተስፋፍተው ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳ፣ ቀለህ የሚጎርስ ሲሊንደር የሮሊን ዋይት ፓተንት ነበር፤ መብቱን የያዘው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስለነበር ፓተንቱ በ1869 እስኪያበቃ ድረስ ሌሎቹ አምራቾች በባሩድና በቆብ ለመቆየት ተገደዋል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በጣሊያን ብሬሻ አካባቢ፣ በተለይ በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ዙሪያ ያሉ ፋብሪካዎች እነዚህን ሞዴሎች እንደገና ማምረት ጀመሩ። ከቅጂዎቹ መካከል ጉድጓዱ ከቱቦው ጠበብ ያለ፣ አንዳንዴም ስድስቱ ጉድጓዶች እርስ በርሳቸው እኩል ያልሆኑ ይገኛሉ። የአሜሪካው አምራች ሩገር ከ1972 እስከ 2008 ያመረተው ኦልድ አርሚ የማንም ቅጂ ያልሆነ፣ በዘመናዊ ብረት የተሠራ የባሩድ ሪቮልቨር ነው፤ 11.6 ሚሊሜትር አረር ይጎርሳል፣ በትክክለኛነቱም ስም አለው።

ብረት ከመንካት በፊት መለካት ይቀድማል፤ እኔ እንደማየው ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባዶውና የተፈታው ቱቦ ውስጥ ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ ዘይት ተቀብቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገፋል፤ ሲወጣ የቦዮቹን ቅርጽ ይዞ ስለሚወጣ በማይክሮሜትር ይለካል። ጉድጓዶቹ ደግሞ በመለኪያ ፒን አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ተራ ካሊፐር በጠባብ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚያሳስት ለዚህ ሥራ አይታመንም። ልኬቱ እኩል ሆኖ ከተገኘ ጥፋተኛው ሌላ ነው ማለት ነው፦ ከቱቦው ጋር በትክክል የማይገጥም ሲሊንደር፣ የተጎዳ የቱቦ አፍ፣ ወይም በኮልቶቹ እንደሚታየው መዶሻው ራስ ላይ የተቆረጠ ሻካራ ማነጣጠሪያ።

ማስፋቱ የሚሠራው በልኩ በተዘጋጀ ሪመር፣ ማለትም የተበሳን ጉድጓድ በጥቂቱ እየላጨ በሚያሰፋ ባለ ስለት መሣሪያ ነው። ፑንታ ጉድጓዱን ክብነት ያሳጣዋል፣ ግድግዳውንም ያሻክረዋል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ጥልቀቱ ነው። ሪመሩ እስከ ታች መውረድ የለበትም፤ ከኋላ በኩል የሲሊንደሩ ማቆሚያ ቁርጦች (ሲተኮስ እንዳይዞር የሚያዝባቸው) ስላሉ ግድግዳው እዚያ ይሳሳል፣ በ1860 አርሚ ደግሞ የሲሊንደሩ የኋላ ክፍል ራሱ ከፊቱ ቀጠን ያለ ነው። ጥልቀቱ ካነሰም ሌላ ጣጣ አለ። ተኳሹ ባሩድ ሲቀንስ አረሩ ከሰፋው ክፍል አልፎ ወደ ጠባቡ ይወርድና እንደገና ይላጫል፤ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለዚህ ነው የዒላማ ተኳሾች ከትንሽ ባሩድ በላይ ሰሞሊና (ሻካራ የስንዴ ዱቄት) ሞልተው አረሩን ወደ አፉ የሚያቀርቡት።

ጉድጓዱ ሲሰፋ አረሩም አብሮ ማደግ አለበት። በ11.46 አረር የለመደ ሰው ወደ 11.53 ይሸጋገራል። ቀለበቷ ካልተላጨች አረሩ ልል ነው፤ ልል አረር በሽጉጡ ምት ወደ ፊት ተንፏቆ ሲሊንደሩን ሊቆልፍ ይችላል፣ ከዚያም የባሰው፣ እሳት በጎኑ ሾልኮ አጎራባቹን ጉድጓድ ሊያቀጣጥል ይችላል። የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይለጠፍምና ሥራው የሠለጠነ የጠመንጃ ባለሙያ ነው። በአንዳንድ አገሮች እንዲህ የተነካ መሣሪያ እንደገና የመንግሥት የጥንካሬ ፍተሻ ማለፍ ይኖርበታል። የሰፋም ሆነ ያልሰፋ፣ እነዚህ ሲሊንደሮች ለጥቁር ባሩድ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ጭስ አልባ ባሩድ ያፈነዳቸዋል።

ኤም.ኤል.ኤ.አይ.ሲ. በሚባለው ዓለም አቀፍ የባሩድ መሣሪያ ውድድር ተኳሹ በ30 ደቂቃ 13 ጥይት ይተኩሳል፣ የሚቆጠርለትም ምርጡ 10 ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሲሊንደሩን መንካት የማይፈልግ ሰው ቀለል ያለ መላ አለው፦ ስድስቱን ጉድጓዶች ለየብቻ እየተኮሰ ይፈትናል፣ አረር የሚበትነውን ጉድጓድ በቀለም ነጥብ ያደርግበታል፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ጉድጓድ አያጎርሰውም።