«32 ጨዋታ ብቻ?» እና ሌሎች ስለ ደዚሬ ኤሊስ የሚወሩ ነገሮች

የሴቶች እግር ኳስ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ኤሊስ ደግሞ ምን ያህል ተጫውታ ነው?» ይሉኛል። የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድንን፣ ባኛና ባኛናን፣ የአፍሪካ ሻምፒዮን ያደረገችውን አሰልጣኝ ደዚሬ ኤሊስን ማለታቸው ነው። ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩኛል፦ ለብሔራዊ ቡድን 32 ጨዋታ፣ የመጀመሪያው በ30 ዓመቷ። «ዘግይታ የጀመረች፣ መካከለኛ ተጫዋች» ብለው ይደመድማሉ።

ወገኖቼ፣ ቁጥር ማንበብና ታሪክ ማወቅ ለየቅል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ኤሊስ በ1963 ኬፕታውን፣ ሶልት ሪቨር ሰፈር ተወለደች። ኳስ የለመደችው ልጅ ሆና፣ መንገድ ላይ፣ ከወንዶች ጋር ነው። አገሯ ግን በአፓርታይድ ምክንያት ከዓለም እግር ኳስ ተገልላ ነበር። ፊፋ በ1976 አባረራት፣ በ1992 መለሳት። ያኔ ኤሊስ 29 ዓመቷ ነው። ተጫዋች የሚያብብበት ዕድሜ በሙሉ የት ሄደ? ማን ጠርቷት ነው የቀረችው? የሴቶቹ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1993 ነው። ስዋዚላንድን 14 ለ 0 ሲያሸንፍ ኤሊስ ሐትሪክ ሠራች፣ ብቻዋን ሦስት ጎል አገባች። በሩ በተከፈተ ቀን ገባች እንጂ አልዘገየችም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የኛም ሰው አለ። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ሲመሩ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከኳሱ ለማስወጣት ግንባር ቀደም ታጋይ ነበሩ። «ታዲያ እሳቸው ናቸዋ የጎዷት!» ያለኝ አልጠፋም። ኧረ በፈጠራችሁ! የጎዳትማ ነጭ ያልሆነውን ሁሉ ሁለተኛ ዜጋ ያደረገው ሥርዓት ነው።

ሌላም አለ። ሥጋ መሸጫ ውስጥ ቅመም የመቀላቀል ሥራ ነበራት፤ ለብሔራዊ ቡድን ብላ ሥራው ቀረባት። «ድሮ ነው» እንዳትሉኝ። እኔ ከማሰለጥናቸው አንዷ፣ ጎበዝ ተከላካይ፣ ለውድድር ፈቃድ ስትጠይቅ አሠሪዋ «በይ ኳሱ ያብላሽ» ብሎ አሰናብቷታል። እንዲህ ባለ ኑሮ 32 ጨዋታ ትንሽ ነው?

«በስሟ ነው የተሾመችው» የሚሉም አሉ። የያኔዋ ዋና አሰልጣኝ የሆላንዳዊቷ ቬራ ፓው ምክትል ነበረች። ፓው ከ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ በኋላ ስትለቅ ቦታውን በጊዜያዊነት ያዘች፣ ዋና አሰልጣኝ የተባለችው በ2018 ነው። በስም የሚሾም ሰው እስከዚያ ድረስ «ጊዜያዊ» እየተባለ አይቆይም።

«በ2019 ዓለም ዋንጫ ሦስቱንም ተሸንፋለች»። አዎ፣ ተሸንፋለች። ግን አገሪቱ ዓለም ዋንጫ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። በ2023 ደግሞ ጣሊያንን በባከነ ሰዓት በገባ የአጥቂዋ ቴምቢ ካትላና ጎል 3 ለ 2 አሸንፋ ጥሎ ማለፍ ገባች።

«የ2022ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ዕድል ነው»። ናይጄሪያን በምድብ 2 ለ 1፣ በፍጻሜው ሞሮኮን ራባት ላይ፣ በገዛ ደጋፊዋ ፊት፣ እንደገና 2 ለ 1። ሁለቱንም የፍጻሜ ጎሎች ሂልዳ ማጋያ ናት ያገባችው። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በፊት 5 ፍጻሜ ተሸንፋለች፤ የመጨረሻውን በ2018 በመለያ ምት፣ በኤሊስ ጊዜ። ዕድል ቢኖራትማ ያኔ ይመጣላት ነበር።

ጫማ ልትሰቅሉ ለተቃረባችሁ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ገና እየተጫወታችሁ የካፍ ዲ ላይሰንስ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ደረጃ የአሰልጣኝነት ፈቃድ፣ ውሰዱ። ስልጠናው ሲመጣ «በኋላ» አትበሉ፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ምክትል ሁኚ ስትባሉ አታኩርፉ። ደብተር ይዛችሁ ልምምድ ግቡ፣ ዋናው አሰልጣኝ ተጫዋች የሚቀይርበትን ደቂቃና ምክንያቱን ጻፉ።

በነገራችን ላይ ኤሊስ አማካይ ነበረች፣ አጥቂ አይደለችም። ሐትሪኩ ነው ብዙ ሰው ያሳሳተው።