ጸሎትና ዱዓ በደሴ፦ ፈጣሪ የማንን ልመና ይሰማል?

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የደቡብ ወሎ መዲና ናት። በ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ራስ፣ ኋላም ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል መናገሻቸው አድርገው ካቀኗት ወዲህ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በአንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ግቢ እየኖሩባት ቆይተዋል። የሸዋ በር መስጊድ አዛንና የመድኃኔዓለም ቅዳሴ በአንድ ንጋት ይሰማሉ፤ አያቱ እንድሪስ የሚባል ክርስቲያን ወይም የአባቷ ስም ተሰማ የሆነ ሙስሊም ለከተማው ሰው እንግዳ አይደሉም። እንዲህ ባለ ቦታ ፈጣሪ የየትኛውን ሃይማኖት ተከታይ ልመና ይሰማል የሚለው ጥያቄ ለመምህራን ብቻ የሚተው አይሆንም። ልጅ ሲታመም፣ ዝናብ ሲቀር፣ ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሣ፣ የጎረቤቴ ጸሎት ይደርስልኛል ወይ የሚል የቤት ጉዳይ ይሆናል።

ነገሩን ለመረዳት ቃላቱን መለየት ያሻል። በእስልምና ሶላትና ዱዓ የተለያዩ ናቸው። ሶላት ውዱእ፣ ማለትም የመንጻት ትጥበት፣ ተደርጎ፣ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሮ፣ በተወሰነ ሰዓትና ሥርዓት የሚሰገድ የአምልኮ ግዴታ ሲሆን፣ ዱዓ ግን ሰው በፈለገው ጊዜ፣ በሚያውቀው ቋንቋ የሚያቀርበው ልመና ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴ የተጠመቁ ምእመናን የሚካፈሉት የማኅበር ጸሎት ነው፤ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ብሎ ገና ያልተጠመቁትን የሚያሰናብተው ለዚህ ነው። የግል ጸሎትና ስለት ግን በዚህ መልክ የታጠሩ አይደሉም። በአምልኮው ማን ይቆማል የሚለው በሁለቱም ዘንድ ቁርጥ ያለ መልስ አለው፤ ማን ሲለምን ይሰማል የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ በጉዳዩ ላይ የሚነሣው አብዛኛው ክርክር ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጎ ከማየት የሚመጣ ነው።

በክርስትና በኩል በሩን ጠበብ የሚያደርጉ ንባቦች አሉ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ተወልዶ የዳነው ሰው እግዚአብሔር ኃጢአተኞችን እንደማይሰማ እናውቃለን ይላል፤ በምዕራፍ 14 ደግሞ ክርስቶስ በስሙ የሚለመነውን እንደሚያደርግ ተስፋ ይሰጣል። ወንጌላውያን አማኞች በተለይ በዚህ በሁለተኛው ላይ አጥብቀው ይቆማሉ። ይሁን እንጂ በዚያው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ፣ ከእስራኤል ያልሆነ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ ቢለምን በሰማይ ሆነህ ስማው ብሎ ይጸልያል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ገና ያልተጠመቀው የመቶ አለቃ ቆርኔሌዎስ ጸሎቱና ምጽዋቱ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ እንዳረገ ከመልአኩ ይሰማል። መምህራኑ ይህን ሲያብራሩ ሁለት ነገር ያስጨብጣሉ፦ ጸሎቱ ከመጠመቁ በፊት ተሰምቷል፤ በተሰማበት ቦታ ግን አልቀረም፣ ጴጥሮስን አስጠርቶ ተጠመቀ። ለምእመኑ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምስክር የነነዌ ጾም ነው። ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚጾመው ይህ ጾም የሚታሰበው ከእስራኤል ወገን ባልሆነች ከተማ ነው፤ ንጉሧ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፣ ሰውም እንስሳም ጾመ፣ ልመናቸውም ተሰማ።

በእስልምና በኩል ያለው ትንታኔ ረዘም ያለ ነው። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 186 አላህ ቅርብ መሆኑንና የለማኙን ልመና በለመነው ጊዜ እንደሚቀበል ይናገራል። በአል-ነምል ምዕራፍ አንቀጽ 62 ላይ ደግሞ የተጨነቀ ሰው ሲለምነው የሚደርስለት ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ አንቀጹ የተጨነቀውን ሰው ሃይማኖት አይጠቅስም። በአል-ዐንከቡት ምዕራፍ አንቀጽ 65 ጣዖት አምላኪዎች በመርከብ ላይ ሳሉ ማዕበል ሲይዛቸው አላህን ብቻ ጠርተው እንደሚድኑ፣ የብስ ሲደርሱም ወደ ቀድሞ ነገራቸው እንደሚመለሱ ተጽፏል። በሌላ ወገን በአል-ረዕድ ምዕራፍ አንቀጽ 14 የከሓዲዎች ጥሪ ከንቱ መሆኑ ተነግሯል። ብዙ የተፍሲር፣ ማለትም የቁርኣን ትርጓሜ፣ ሊቃውንት ይህ የተባለው ለጣዖት ስለሚቀርብ ልመና ነው ብለው ሁለቱን ያስታርቃሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ማስረጃ የኢብሊስ፣ ማለትም የሰይጣን፣ ነው። ከአላህ ፊት ከተባረረ በኋላ እስከ ትንሣኤ ቀን ዕድሜ እንዲሰጠው ለመነ፤ ተሰጠው። የቀደሙት ዑለማዎች ይህን ይዘው፣ ማንም ሰው የነፍሱን ክፋት አይቶ ከመለመን አይቦዝን፣ ከፍጥረት ሁሉ የከፋው እንኳ ለምኖ አግኝቷልና ይላሉ። ነቢዩ ሙሐመድም ባልደረባቸውን ሙዓዝን የመጽሐፉ ሰዎች፣ ማለትም አይሁድና ክርስቲያኖች፣ ወደሚኖሩበት ወደ የመን ሲልኩት፣ የተበደለ ሰው በሚያደርገው ዱዓና በአላህ መካከል ግርዶ የለምና ተጠንቀቅ እንዳሉት የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ከዚህ የሚወጣው ፍሬ ነገር በሁለቱም ሃይማኖቶች ዘንድ ይገኛል፦ ልመና መሰማቱ ለሃይማኖቱ ትክክለኛነት ምስክር አይሆንም። ሙስሊም ሊቃውንት ያልተገባው ሰው ሲለምን ማግኘቱን አንዳንድ ጊዜ ኢስቲድራጅ፣ ማለትም በጸጋ እየተፈተኑ ቀስ በቀስ መወሰድ ይሉታል። ለአማኙም ቢሆን መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የለመነው ወዲያው ሊሰጠው፣ ለመጪው ዓለም ሊቀመጥለት፣ ወይም በምትኩ ሊደርስበት የነበረ ክፉ ነገር ሊመለስለት ይችላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ እግዚአብሔር በጻድቃንና በኃጢአተኞች ላይ ዝናቡን ያዘንባል ተብሏል።

ዝናብ የተባለው ለወሎ ሰው ምሳሌ ብቻ አይደለም። አገሩ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት ዋነኛው ነበር። ዝናብ ሲቀር ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፤ ካህናቱ እየመሩ ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ ይሰግዳል። ሙስሊሙ ሰላተል ኢስቲስቃእ የተባለውን የዝናብ መለመኛ ሶላት ለመስገድ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ሁለት ረከዓ ይሰገዳል፣ ምሕረት ይለመናል፣ ኢማሙም ችግሩ እንዲገለበጥ በመመኘት ልብሱን ይገለብጣል። በፊቅህ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ፣ መጻሕፍት ውስጥ ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች ለዚህ ልመና ቢወጡስ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። በወሎ በስፋት ከሚታወቁት መዝሀቦች፣ ማለትም የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ መካከል የሐነፊ ሊቃውንት መውጣታቸውን ሲጠሉ፣ የሻፊዒዎቹ ግን ከሙስሊሞቹ ሳይቀላቀሉ ለብቻቸው ቢወጡ አይከለከሉም ይላሉ፤ እነርሱም ሲሳያቸውን ነው የሚለምኑት፣ የአላህ ችሮታም ሰፊ ነው በማለት። ከጎን ለጎን፣ ሳይቀላቀሉ መለመን የሚለው ይህ የመጻሕፍት ብይን በደሴና በኮምቦልቻ ሰዎች በልማድ ከሚኖሩት ኑሮ ጋር እጅግ ይቀራረባል።

ልማዱ ያለ ፈተና የቆየ አይደለም። ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አወጁ። የወሎው ባላባት መሐመድ አሊ በዚያን ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እንቢ ያሉት ተሰደዱ፣ እንደ ሸህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት በትጥቅ ተቃወሙ፣ ሌሎች ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆነው ኖሩ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጸሎት የመኖሩ አንዱ ምንጭ ይህ ግዳጅ መሆኑን ሳይጠቅሱ ስለ ወሎ መቻቻል ብቻ መጻፍ ያለፉትን ሰዎች ሥቃይ መዘንጋት ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሥልጣን ሲሻሩም የቀረበባቸው ዋነኛ ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር።

በሰፈሩ ኑሮ ውስጥ ጉዳዩ የሚታየው በምርቃት ነው። ወዳጃ የሚባለው የወሎ የጋራ ዱዓ በሕመም፣ በድርቅ፣ በችግር ጊዜ ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ተዘርግቶ፣ ዕጣን ተጭሶ የሚደረግ ሲሆን፣ ዱዓውን የሚመሩት አባት አንድ ልመና በጣሉ ቁጥር ተሰብሳቢው «አሚን» እያለ ይቀበላል። ነፍሰ ጡር ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ ዱበርቲ የሚባሉ እናቶች ተሰብስበው ይለምኑላታል። እዚያው ግቢ የምትኖር ክርስቲያን ስትመጣ የረከቦቱ አጠገብ ቦታ ይለቀቅላታል። እጇን እንደ ሌሎቹ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ አንደኛዋ እናት «አላህ በሰላም ይገላግልሽ» ስትል ሌላዋ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያለባት፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትላለች። ከተቀመጡት ግማሹ «አሚን»፣ ግማሹ «አሜን» ይላል፤ ልዩነቱ ከአንዲት ድምፅ አይበልጥም፣ የለመደ ጆሮ ግን ማን የት እንደተቀመጠ በእርሷ ይለያል። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ በሁለቱም ቤት ስሙ በረካ ነው።

አበጋር የተባለው የሽምግልና ሥርዓት ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሁሉ የጠራ መልስ ይዟል። በወሎ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁት አበጋሮች ነገሩን መርምረው፣ ካሳውን ወስነው፣ በመጨረሻ በዱዓና በምርቃት ያሳርጋሉ፤ የተቃቡት ክርስቲያንና ሙስሊም ቢሆኑም ሥርዓቱ አይለወጥም። እርቁን ያፈረሰ ሰው የሚፈራው የአባቶችን እርግማን ነው። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሽማግሌ እርግማን ከፈራ፣ ያ ሽማግሌ ሲጮኽ የሚሰማው አምላክ እንዳለ አምኗል ማለት ነው፤ ልመናው የማይሰማ ሰው እርግማኑ አያስፈራምና። ቅሬ የሚባለው የወሎ ዕድር እንዲሁ ነው። የሁለቱም ሃይማኖት አባላት ድንኳኑን አብረው ይተክላሉ፣ አስከሬኑን አብረው ይሸኛሉ፤ ፍትሐቱ ወይም የጀናዛ ሶላቱ ሲጀመር ግን የሌላው ሃይማኖት ሰዎች ፈንጠር ብለው ይቆማሉ። ለሠርግም እንዲሁ እርዱ ለየብቻ ነው፣ ደስታው ግን አንድ ነው።

ይህ ልማድ ከየሃይማኖቱ ውስጥ ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ተቃውሞውም ከመጻሕፍቱ የተነሣ ስለሆነ በጥላቻ ብቻ ሊተረጎም አይገባም። ብዙ ሙስሊም መምህራን በወዳጃ የሚጨመሩ ልማዶችን፣ በተለይም በአውሊያዎች፣ ማለትም በቅዱሳን ሰዎች፣ ቀብር ላይ የሚደረግ ልመናን፣ ተውሒድን፣ ማለትም የአላህን አንድነት፣ የሚነካ አድርገው ያያሉ። የሐዋርያት ቀኖናም ክርስቲያን ከመናፍቃን ጋር በአንድነት እንዳይጸልይ ያዛል፤ ስለዚህ ብዙ ካህናት ምእመናን ከወዳጃ እንዲርቁ ይመክራሉ። የተቃውሞው ዒላማ ግን አብሮ መጸለይ እንጂ የጎረቤትን ልመና ፈጣሪ ይሰማል ብሎ ማመን አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. በገባ ጊዜ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ለአንድ ወር አገራዊ ጸሎት ሲያውጅም አካሄዱ ይኸው ነበር፤ ሁሉም በየሥርዓቱ ለመነ፣ የተለመነው ግን ስለ አንድ በሽታ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስና ብዙ ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ግቢ ጠባቂ ሆነው የቀሩ አዛውንቶች ለሄዱት ሁሉ ለመኑ፤ የሄዱት የእነማን ልጆች ናቸው ብሎ የለየ አልነበረም።

በከተማው አነጋገር ውስጥ ሥር የሰደደው ልመናን አደራ የማለት ልማድ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሙስሊም ሲሸኝ ክርስቲያን ጎረቤቱ «በዱዓህ አትርሳኝ» ይለዋል፤ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣ ክርስቲያንም ከሙስሊም ወዳጁ ተመሳሳይ አደራ ይቀበላል። ሐጂው ተምር ይዞ ሲመለስ፣ የግሸኑ መንገደኛም ከአምባው ወርዶ አቧራውን ሲያራግፍ፣ ቡና ከተቀዳ በኋላ ባለ አደራው ይጠይቃል፦ «ለመንክልኝ?» መልሱ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፦ «ስምህን ጠርቻለሁ።»