በቤት ግዢና ግንባታ ቃላት ዙሪያ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤት የሚገዛ ወይም የሚያሠራ ሰው የሚፈርማቸው ውሎችና የሥራ ዝርዝሮች በአብዛኛው በየዕለቱ በምንሰማቸው ቃላት የተሞሉ ናቸው። እንግዳ ቃል ሲያጋጥመን እንጠይቃለን፤ የለመድነውን ግን የገባን መስሎን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያስከፍለውም ይኸው የለመድነው ነው።

«ኮንክሪት ጠነከረ ማለት ደረቀ ማለት ነው»

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ኬሚካላዊ ለውጥ ይጀምራል፣ በዚህ ለውጥ የሚፈጠረውም ውሑድ አሸዋውንና ጠጠሩን አንድ ላይ ያያይዛል፤ ኮንክሪት ውኃ ውስጥ ተሞልቶ እንኳ የሚጠነክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አዲስ የተሞላ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ለፀሐይና ለነፋስ መተው ጥንቃቄ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ እርጥበቱን ቀድሞ ያጣ ኮንክሪት ለውጡ ሳይጠናቀቅ ይቆምበታል፣ ላዩም ይሰነጣጠቃል። በተለምዶ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ የሚጠጣው ወይም በእርጥብ ጆንያ የሚሸፈነው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 28ኛ ቀንም ጥንካሬው እንዲለካ የተወሰነ ቀን ነው እንጂ ማደጉን የሚያቆምበት ቀን አይደለም።

«ሲ-25 የሲሚንቶውን መጠን ያመለክታል፤ ሲሚንቶ በበዛ ቁጥርም ቤቱ ይጠነክራል»

«ሲ-25» የኮንክሪት ደረጃ መጠሪያ ነው፤ ቁጥሩ ኮንክሪቱ በ28 ቀናት ሊደርስበት የሚገባውን የመጨመቅ ጥንካሬ በሜጋፓስካል ይገልጻል፤ ይህም በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ 25 ኒውተን የሚሆን ጫና መሸከም ማለት ነው። እዚህ ላይ ባለሙያዎችም ሳይቀሩ የሚለያዩበት ነጥብ አለ። ናሙናው በኩብ ሲፈተንና በሲሊንደር ሲፈተን ውጤቱ አንድ አይደለም፤ የአውሮፓ ደረጃ «ሲ-25/30» ብሎ ሁለቱንም የሚጽፈው፣ በሲሊንደር 25 የሚደርሰው ኮንክሪት በኩብ 30 ገደማ ስለሚሆን ነው። በእኔ እምነት ቁጥሩን ብቻ ጠቅሶ የፍተሻውን ዓይነት ያልጠቀሰ ውል ያልተሟላ ውል ነው።

ጥንካሬውን በዋናነት የሚወስነው ደግሞ ውኃው ለሲሚንቶው ያለው ምጣኔ ነው። ድብልቁ ለሥራ እንዲላላ ተብሎ የሚጨመር አንድ ባልዲ ውኃ፣ በሲሚንቶ የተገኘውን ጥንካሬ መልሶ ይወስደዋል።

«ፌሮ እስከበዛ ድረስ የትም ቢቀመጥ ያው ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ ነው፤ ሲሳብ ግን የሚችለው ከመጨመቅ ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ፌሮ፣ ማለትም ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ የሚገባው ይህን መሳብ እንዲሸከም ስለሆነ፣ ቦታው ከብዛቱ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። በሁለት ጫፎቹ የተደገፈ ቢም (አግድም ተሸካሚ) ወደ ታች ሲጎብጥ የሚሳበው የታችኛው ፊቱ ነው፤ ስለዚህ መሐል ላይ ዋናው ፌሮ ከታች ይሆናል። ከሕንፃው ወደ ውጭ በተንጠለጠለ በረንዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚሳበው የላይኛው ፊት ነው፣ ዋናው ፌሮም ከላይ መሆን አለበት። ኮንክሪት በሚሞላበት ዕለት ሠራተኞች በዚህ ፌሮ ላይ ሲመላለሱ ረግጠው ወደ ታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ስህተቱ አይታይም፤ በረንዳው ያምራል፣ ፌሮውም በቁጥር አልጎደለም፣ ነገር ግን መሳቡን የሚሸከምለት ነገር የለም። አሠሪው በዚያ ዕለት በቦታው መገኘት ካለበት፣ ከምንም በፊት መመልከት ያለበት ፌሮው ከላይ እንዲቆይ የሚደግፉት መቀመጫዎች መኖራቸውን ነው።

«ግድግዳ ግድግዳ ነው፤ ቤቱ የእኔ ከሆነ ማፍረስ እችላለሁ»

በኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና በቢም በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ብዙው ግድግዳ ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ሲሆን፣ በሌሎች ቤቶች ግን ጣሪያውንም ሆነ ከላይ ያለውን ወለል የሚሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። ልዩነቱ በውፍረትም ሆነ በማንኳኳት አይለይም፤ የሚታወቀው የሕንፃውን ተሸካሚ ክፍሎች ከሚያሳየው ከስትራክቸር ፕላኑ ነው።

«ውሉ ላይ የተጻፈው ስፋት የምኖርበት ስፋት ነው»

ስፋት ከግድግዳው ውጭ ሲለካና ከውስጥ ሲለካ የሚሰጠው ቁጥር በእጅጉ ይለያያል። ከውጭ 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 20 ሳንቲሜትር የሚወፍር አንድ ክፍል እንውሰድ። በውጭ ልኬት 20 ካሬ ሜትር ነው፤ ውስጡ ግን 3.6 በ4.6፣ ማለትም 16.56 ካሬ ሜትር ነው። ከ17 በመቶ በላይ የሚሆነውን የያዘው ግድግዳው ነው። በአፓርታማ ላይ ደግሞ የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ ሊታከልበት ስለሚችል፣ የሁለት ቤቶችን የካሬ ዋጋ ከማወዳደር በፊት ስፋታቸው በአንድ ዓይነት መንገድ መለካቱን ማረጋገጥ ይገባል።

«ቀብድና ቅድመ ክፍያ አንድ ናቸው»

ቅድመ ክፍያ ከዋጋው ላይ ቀድሞ የሚከፈል ክፍል ነው። ቀብድ ግን በብዙ አገሮች የፍትሐ ብሔር ሕግ የራሱ ውጤት አለው፤ ሰጪው ከውሉ ቢወጣ ያጣዋል፣ ተቀባዩ ቢወጣ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ቃል ክርክር ሲነሣ ብዙ ይለውጣል።

«የብድሩን ዘመን ግማሽ ከከፈልኩ ዕዳው ተጋምሷል»

በየወሩ እኩል በሚከፈል ብድር ይህ አይሆንም። በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚመለስ የ1,000,000 ብድር ወርኃዊ ክፍያው 11,011 ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 10,000 የሚሆነው ወለድ ሲሆን፣ ከዋናው ገንዘብ የሚቀነሰው 1,011 ያህል ብቻ ነው። ከ10 ዓመት በኋላም 767,000 የሚያህል ዋና ገንዘብ ይቀራል፤ ዘመኑ ሲጋመስ ከዕዳው ሩብ እንኳ አልተከፈለም። ከዚህ የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋናው ላይ የሚቀነስ ተጨማሪ ክፍያ ከሁሉም የላቀ ጥቅም አለው፤ ይሁንና አንዳንድ የብድር ውሎች ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ስለሚጥሉ፣ ያንን አንቀጽ ከመፈረም በፊት ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።